ጥቁር ቅብ ያላት ሰንጢ ለምን ዛገች? ቅቡስ ይታደስ ወይ?

ከሀዋሳ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ታላቅህ ከውጭ ያመጣልህ ጥቁር ታጣፊ ሰንጢ አለች፣ አሞራ ገደል ቆሮሶ ትበልትባታለህ፣ ሽታው እንዲለቅ በሎሚ ታሻታለህ፣ ማታ የቆዳ አፎቷ ውስጥ ታድራለች። አሁን ጥቁሩ ተላላጠ፣ መታጠፊያዋ ጋ ዝገት ወጣ፣ ስትከፈት ትንገራገጫለች። ሰፈር ያለ ሰውዬ ደግሞ በግራይንደር ፈግፍጎ ጥቁር ስፕሬይ ነፋባት፣ ከዛ ወዲህ መቆለፊያዋ አንዳንዴ አይይዝም። ቅቡን ላሳድሰው ወይ ነው የምትለው።

ቅቡን ለጊዜው ተወው። እኔ ከነገርከኝ ሁሉ የጠረጠርኩት ሎሚውንና ስፕሬዩን ነው።

መጀመሪያ መቆለፊያው። ሰንጢዋ ስትከፈት በጎን ያለው የብረት ምላስ ከስለቱ ቂጥ ኋላ ይገባና ደግፎ ይይዛታል። ስፕሬዩ እዛ ከገባ ምላሱ ያረፈው ብረት ላይ ሳይሆን ቀለም ላይ ነው፣ ቀለም ደግሞ ይንሸራተታል። ይሄ ሳይስተካከል አንድም ዓሣ እንዳትነካባት፣ የምትዘጋው ጣትህ ላይ ነው!

ፍታት። ባለ ኮከብ ጥርስ ብሎኖች ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ቲ6 እና ቲ8። እባክህ በሳጥን ሙሉ በርካሽ የሚሸጠውን ቢት (የመፍቻ ጫፍ) አትጠቀም፣ ጫፉ እንደ ቅቤ ይለሰልስና የብሎኑን ጥርስ በልቶ ይተውልሃል፣ ከዛ ማን ያወጣዋል? እምቢ ካለህ ጥርሱ ላይ ማጣበቂያ አለ ማለት ነው፣ የጋለ የመበየጃ (ሶልደሪንግ) ካውያ ጫፍ ትንሽ አስነካውና ሞክር። ሳትፈታ ፎቶ አንሳ፣ ሁለቱ ቀጫጭን ዋሸሮች ከጠፉብህ የሚገኙ አይደሉም።

ከዛ ጨርቅ ላይ አሴቶን (ቀለም የሚያሟሟ ፈሳሽ) አድርግና የስለቱን ቂጥና የምላሱን ጫፍ ጥረግ። ጨርቁ ላይ ጠቁሮ የሚወጣው የሰውዬው ስፕሬይ ነው፣ የፋብሪካው ቅብ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ከፕላስቲክ እጀታና ከእሳት አርቀው። እዛች ቦታ ላይ ግን የብርጭቆ ወረቀት የሚባል ነገር አታስጠጋ፣ ማዕዘኗ ትንሽ ከተዛባ መቆለፊያው አበቃለት። ዝገቱን በዘይትና በጣም በቀጭን የብረት ሱፍ ቀስ እያልክ እሸው።

አሁን ሁሉም የሚሳሳትባትን ነገር ልንገርህ። ስቴንለስ ብረት የማይዝገው ውስጡ ያለው ክሮሚየም (ቢያንስ ከመቶ 10.5 ገደማ መሆን አለበት) ከአየር ኦክስጅን ወስዶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ስለሚሠራ ነው፣ ሲጫርም አየር እስካገኘ ራሱ መልሶ ይሸፍናል። ሽፋኑ ግን አየር ይፈልጋል። መታጠፊያው ውስጥ፣ ዋሸሩ ስር፣ የዓሣው ልጋግና የሎሚው ውሃ ታፍኖ ሲያድር እዛ ያለው ኦክስጅን ያልቃል፣ ሽፋኑ ሲፈርስ የሚጠግነው የለም፣ ውጪ ያለው ብረት ደግሞ አየር እንደልቡ ያገኛል፣ በሁለቱ መሀል እንደ ትንሽ ባትሪ ያለ ነገር ይፈጠርና የሚበላው የታፈነው ክፍል ይሆናል። ለዚህ ነው ስለቱ ውጪው እያብረቀረቀ ጉድጓዱ ውስጥ የሚበሰብሰው። የተላጠ ቀለም ስርም እንዲሁ ነው፣ ውሃው በጭረቱ ገብቶ ከስር ይሄዳል፣ ላዩ ደህና መስሎ ስሩ ያልቃል። ስለዚህ የተላላጠ ቀለም አንዳንዴ ባዶ ብረት ከመተው ይብሳል፣ ሰውዬው ደግሞ ዝገት ላይ ነው የቀባው፣ ዝገቱን ቆልፎበት ሄደ።

ቅብ ሁሉ አንድ አይደለም። ዲኤልሲ የሚሉት፣ አልማዝ መሰል የካርቦን ቅብ፣ ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ብቻ ነው፣ ፀጉር 70 ገደማ ይሆናል፣ ግን እጅግ ጠንካራ ነው፣ ላዩ ላይ የምታየው ግራጫ መስመር ብዙ ጊዜ ጭረት ሳይሆን የነካው ሌላ ለስላሳ ብረት ነው፣ በእርሳስ ላጲስ ይለቃል። ተጋግሮ የሚደርቅ ወፍራም ቀለም አለ፣ ዝገት ይከላከላል ግን ይላጣል። ብላክ ኦክሳይድ፣ ብረቱን በኬሚካል የሚያጠቁረው፣ ደግሞ ያለ ዘይት ብዙም አይረባ፣ ሎሚና ኮምጣጤ ያስለቅቁታል። ያንተ ተላላጠ ካልከኝ የቀለም ዓይነት ነው ባይ ነኝ። የትኛውም ቢሆን ጫፉን፣ ማለትም የሚቆርጠውን፣ አይሸፍንልህም፣ ሲሳል ይሄዳልና። ጥቅሙ ለጎንና ለጀርባ ነው፣ አለማንጸባረቁም ለወታደር እንጂ ለዓሣ ምን ይሠራል?

ስለዚህ አታሳድሰው። የቀረውን ስፕሬይ ሙሉ በሙሉ አንሳ፣ እየተላጠ ዓሣው ውስጥ ይገባል። ግራይንደር የነካውን ጠርዝ ብርሃን ላይ እየው፣ ሰማያዊ ቀለም ካለ ብረቱ ግሎ ለስልሷል፣ ያ ክፍል በመሳያ ድንጋይ እስኪያልቅ ስለት አይይዝም።

ስትገጥማት መታጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ፓራፊን፣ ፋርማሲ የሚሸጠውን። የኑግ ዘይት አታድርግ፣ ይደርቅና ሙጫ ይሆናል። ከሥራ በኋላ በንጹህ ውሃ አጥበህ፣ አድርቀህ፣ ከፍተህ አሳድራት እንጂ ቆዳ ውስጥ አትክተታት፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

ደግሜ ልበል፣ መቆለፊያውን ሳትፈትን እንዳትሠራባት። ከፍተህ እጀታውን በጎንና በጎን ያዝ፣ ጣቶችህ ሁሉ ከስለቱ መንገድ ወጥተው፣ ከዛ የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ጫን አድርግ። ትንሽ እንኳ ከሸሸ በቃ፣ አትሥራባት። ለቆሮሶው ደግሞ የማትታጠፍ ስቴንለስ ቢላ ግዛ፣ መታጠፊያ የላት፣ ልጋግ የሚደበቅበት የላት።