የመጀመሪያውን በኦፕራሲዮን ወልጄ ሁለተኛውን በምጥ መውለድ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 29 ሲሆን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት የመጀመሪያ ልጄን በኦፕራሲዮን የወለድኩት በመቀመጫው በመምጣቱ ነበር። አሁን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ክትትል የሚያደርግልኝ ሐኪም በምጥ መሞከር እንደምችል ቢነግረኝም እናቴ «አንዴ የተሰፋ ማህፀን ምጥ አይችልም» ብላ አስፈራችኝ። ማንን ልስማ? ስሜ እንዲገለጽ አልፈልግም።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የእናትዎ ስጋት መሠረት የሌለው አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1916 ኤድዊን ክሬገን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም አንድ ጊዜ በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ሁልጊዜም በኦፕራሲዮን ትወልዳለች የሚል ሐሳብ ጽፈው ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ማህፀን የሚከፈተው ከላይ ወደ ታች፣ ምጥ ሲመጣ አብዝቶ በሚጨማደደው ክፍሉ ላይ ስለነበር ጠባሳው የመተርተር አደጋው ከፍተኛ ነበር። ዛሬ በአብዛኛው የሚከፈተው በታችኛው ስስ ክፍል በአግድም ነው፤ እንዲህ ያለ አንድ ጠባሳ ብቻ ካላቸውና በምጥ ከሚሞክሩ 1000 ሴቶች ማህፀናቸው የሚተረተረው 5 ያህሉ ናቸው። ከሚሞክሩት ውስጥ ከ60 እስከ 80 በመቶው ይሳካላቸዋል። በእርስዎ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ምክንያት የልጁ አቀማመጥ እንጂ የዳሌ መጥበብ ወይም የምጥ መቆም ስላልነበረ፣ በሁለቱ ወሊዶች መካከልም በቂ ጊዜ ስላለፈ፣ ዕድልዎ ጥሩ ከሚባለው ወገን ነው።

ነገር ግን ከሆድዎ ቆዳ ላይ የሚያዩት ጠባሳ የማህፀንዎን ጠባሳ አይነግርዎትም፤ ቆዳው በአግድም ተቀድዶ ማህፀኑ ከላይ ወደ ታች የተከፈተበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ኦፕራሲዮኑ ከተደረገበት ሆስፒታል የመውጫ ወረቀትዎን ወይም የካርድዎን ማጠቃለያ አስጽፈው ለሐኪምዎ ይስጡ። ከዚህ የሚቀድም ሥራ የለም። ማህፀኑ በቁመት ተከፍቶ ከሆነ ምጥ መሞከር አይመከርም። የእንግዴ ልጁ የማህፀን አፍን አለመሸፈኑንና ልጁ በጭንቅላቱ መምጣቱንም በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በአልትራሳውንድ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የሚወልዱበት ቦታ በማንኛውም ሰዓት ኦፕራሲዮን የሚሠራበትና ደም የሚገኝበት ሆስፒታል መሆን አለበት፤ ለእርስዎ ጤና ጣቢያም ሆነ ቤት አይሆንም። ምጡ እስኪጠና ሳይጠብቁ ገና ሲጀምር ይሂዱ፤ በምጡ ጊዜም የልጁ የልብ ምት ያለማቋረጥ መታየት አለበት፤ የጠባሳ መተርተር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚታወቀው በልብ ምቱ መዛባት ነውና። በምጥ መካከል የማያርፍ የሆድ ሕመም፣ ደም መፍሰስ ወይም የጀመረ ምጥ በድንገት መቆም ሲኖር ወዲያውኑ ይናገሩ። ምጥ ያመጣል ተብሎ የሚሰጥ ማንኛውንም ነገር በቤት አይውሰዱ። በተለይ ሚሶፕሮስቶል የተባለው እንክብል ጠባሳ ላለው ማህፀን አደገኛ ነው፤ የምጥ መርፌውም በሐኪም ውሳኔና በቅርብ ክትትል ካልሆነ አይሰጥም።

የማይደበቀው ጉዳይ፣ ምጡ ሳይሳካ ቀርቶ በመሃል ወደ ኦፕራሲዮን መግባት ቀድሞ ከታቀደ ኦፕራሲዮን ይልቅ ለኢንፌክሽንና ለደም መፍሰስ የበለጠ ማጋለጡ ነው። በሌላ በኩል ሦስት አራት ልጅ የመውለድ ሐሳብ ካለዎት፣ ኦፕራሲዮን በተደጋገመ ቁጥር የእንግዴ ልጅ በጠባሳው ላይ የመጣበቅ አደጋ እያደገ ስለሚሄድ፣ በእኔ ሚዛን ይህ መሞከሩን ይበልጥ የሚያስመርጥ ምክንያት ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮዎ እናትዎን ይዘው ይሂዱ፤ ምጥ ራሱ ሳይመጣ ቀኑ ቢያልፍ ምን እንደሚደረግም ሐኪሙን አሁኑኑ ይጠይቁትና መልሱን በክትትል ካርድዎ ላይ ያስጽፉት።