የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሊኑክስ፣ ዶኪንግ ስቴሽንና እምቢ ያለው ኔትወርክ

በዚህ ዓምድ የተርሚናል ትእዛዞችን የጻፍነው በእንግሊዝኛ ፊደላት ስም ነው፤ ሲጠቀሙባቸው የአንዱን ቃል ፊደላት ያለ ክፍተትና ያለ ሰረዝ ያያይዟቸው፣ በቃላት መካከል ያለውን ክፍተት ግን ይተዉት፤ ሰረዝ የሚጻፈው «ሰረዝ» ስንል ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔን በዩኤስቢ-ሲ ከዶክ (ስክሪን፣ ኪቦርድና ኔትወርክ በአንድ ገመድ ከሚያገናኘው ዶኪንግ ስቴሽን) ጋር ሳገናኘው ስክሪኑም ኪቦርዱም ይሠራሉ፤ የኔትወርክ ኬብሉ ግን ጭራሽ ያልተሰካ ይመስላል። የዶኩ አምራች ለሊኑክስ የሚሆን ድራይቨር የለውም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የአምራቹን ድረ ገጽ ይተዉት። ሊኑክስ «ዶክ» የሚባል ዕቃ አያይም፤ የሚያየው አንድ የዩኤስቢ ሀብ (አንዱን ፖርት ለብዙ ዕቃ የሚያካፍል) እና ሀቡ ላይ የተሰካ የኔትወርክ ካርድ ነው። ስለዚህ ዶኩ ላይ ከታተመው ስም ይልቅ ውስጡ ያለውን ቺፕ ማወቅ ይበልጣል። ኤልኤስዩኤስቢ ብለው ይዘዙ። 0ቢዲኤ፡8153 የሚል መስመር ካገኙ ቺፑ የሪልቴክ ነው፤ ድራይቨሩም አር8152 ይባላል። 0ቢ95፡1790 ከሆነ የኤሲክስ ነው። በ17ኢ9 የሚጀምር ቁጥር ካዩ ዶኩ ዲስፕሌይሊንክ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ዶክ ለስክሪኑ ለብቻው የሚጫን ድራይቨር ይፈልጋል፣ ኔትወርኩ ግን ሲዲሲ-ኤንሲኤም በተባለ ድራይቨር ይሠራል። የሦስቱም የኔትወርክ ድራይቨር ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ጋር አብሮ ስለሚመጣ የሚወርድ ነገር የለም። 2.5 ጊጋቢት የሆነው የሪልቴክ 8156 ቺፕ ካለዎት ግን ከርነልዎ 5.13 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ አር8152 ይህን ቺፕ መደገፍ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቺፑ እየታየ ኔትወርክ ከሌለ አይፒ ሊንክ ብለው ይዘዙ። ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ ኢኤንኤክስ በሚል ተጀምሮ የማክ አድራሻው (የካርዱ መለያ) 12 ፊደልና ቁጥር በሚከተልበት ስም ይወጣል። ዶኩን ከሌላ ሰው ከወሰዱት ወይም ላፕቶፕ ከቀየሩ፣ ቀድሞ በኔትወርክ ማኔጀር የተቀመጠው ግንኙነት ከድሮው ስም ወይም ከድሮው ማክ አድራሻ ጋር ታስሮ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ላፕቶፖች የራሳቸውን ማክ አድራሻ ለዶኩ ስለሚሰጡ ስሙ ከላፕቶፕ ላፕቶፕ ይለያያል። አሮጌውን ግንኙነት ያጥፉና አዲስ ይፍጠሩ።

ስክሪኑ እየሠራ ኪቦርዱም ኔትወርኩም አብረው የጠፉባችሁ አንባቢያን ደግሞ ዶካችሁ ምናልባት ተንደርቦልት (በዩኤስቢ-ሲ መሰኪያ የሚሠራ ሌላ ፈጣን ግንኙነት) ነው፤ ፈቃድ እየጠበቀ ይሆናል። ቦልት-ሲቲኤል ሊስት ብላችሁ መለያውን አግኙ፣ ከዚያ ቦልት-ሲቲኤል ኢንሮል ብላችሁ መለያውን አስከትሉ። አንዴ ከተመዘገበ በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ይገናኛል።

ጥያቄ፦ መስመሬ 1 ጊጋቢት ነው። ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ ስሰካው ሙሉ ፍጥነት አገኛለሁ፣ በዶኩ በኩል ግን ከ300 ሜጋቢት ብዙም አያልፍም። ዶኩ ላይ ባለ 4ኬ ስክሪን በ60 ኸርዝ እጠቀማለሁ። የድራይቨር ችግር ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፍጥነትዎን የወሰደው ስክሪኑ ነው።

ዩኤስቢ-ሲ ውስጥ አራት ፈጣን መስመሮች አሉ፤ ቪዲዮውና ፈጣኑ ዩኤስቢ ይካፈሏቸዋል። 4ኬ በ60 ኸርዝ በሴኮንድ 12.8 ጊጋቢት ገደማ ይፈልጋል። በዲስፕሌይፖርት 1.2 አንዱ መስመር በተግባር የሚሸከመው 4.32 ጊጋቢት ነው፤ ሁለቱ 8.64 ብቻ ስለሚሆኑ አይበቁም፣ ቪዲዮው አራቱንም ይወስዳል። ያኔ ለዩኤስቢ የሚቀሩት የዩኤስቢ 2 አሮጌ ሽቦዎች ናቸው። እነሱ በወረቀት ላይ 480 ሜጋቢት ይባላሉ፤ ልዩ ልዩ ወጪው ሲቀነስ የሚተርፈው እርስዎ የሚያዩት ነው።

ለማረጋገጥ ኤልኤስዩኤስቢ ሰረዝ ቲ ብለው ይዘዙና አር8152 የሚልበትን መስመር መጨረሻ ይመልከቱ። 480ኤም ካለ ጉዳዩ ይኸው ነው፤ 5000ኤም ካለ ሌላ ምክንያት ይፈልጉ። መስመሮቹ የሚከፋፈሉት ዶኩ ሲሰካ ስለሆነ ስክሪኑን ወደ 30 ኸርዝ ማውረድ ብቻውን ለውጥ ላያመጣ ይችላል። ሀብ ያላቸው ብዙ ስክሪኖች ሜኑ ውስጥ «ጥራት ይቅደም» ወይም «የዳታ ፍጥነት ይቅደም» የሚል ምርጫ አላቸው፤ መጀመሪያ እሱን ይሞክሩ። ላፕቶፑም ዶኩም ዲስፕሌይፖርት 1.4 ከሆኑ ሁለት መስመር 12.96 ጊጋቢት ስለሚሸከም ቪዲዮውም ዩኤስቢውም ይበቃቸዋል። ይህ ካልሆነ የኔትወርክ አዳፕተር በሌላ የዩኤስቢ 3 ፖርት ለብቻው መሰካት ከሁሉም ይቀላል።

ስክሪን ሳይኖርም 480ኤም ከታየ ኬብሉን ይጠርጥሩ። ብዙ የቻርጀር ኬብሎች ጫፋቸው ዩኤስቢ-ሲ ይሁን እንጂ ውስጣቸው ያለው የዩኤስቢ 2 ሽቦ ብቻ ነው። የካርዱን ፍጥነት የሚያሳየው ኢቲኤች-ቱል የተባለ ትእዛዝ 100 ሜጋቢት ካለ ደግሞ ስህተቱ የኔትወርክ ኬብሉ ነው፤ ጊጋቢት ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል፣ 100 በአራት ይሠራል።

ጥያቄ፦ ለጥቂት ደቂቃ ሳልነካው ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ዶኩን ነቅዬ ስሰካው ይመለሳል።

መልስ፦ ዲኤምኢኤስጂ ሰረዝ ደብሊው ብለው መስኮቱን ክፍት ይተዉት፣ ሲቋረጥ የሚወጣውን ያንብቡ። ከሀቡ ጀምሮ ሁሉም ዕቃ ዲስኮኔክት ካለ፣ በተለይም ከነጌቲቭ 71 ስህተት ጋር፣ ኬብሉን ወይም የዶኩን ቻርጀር ይቀይሩ። የኔትወርክ ካርዱ ብቻ ከጠፋ የኃይል ቁጠባ ነው። ቲኤልፒ የተባለውን የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ከሆነ በሴቲንግ ፋይሉ ውስጥ ዩኤስቢ ዲናይሊስት በሚለው መስመር ላይ 0ቢዲኤ፡8153 ያስገቡና ዶኩን እንደገና ይሰኩ። ሪልቴክ ሆኖ «ፈርምዌር ፓች መጫን አልተቻለም፣ ነጌቲቭ 2» የሚል መልእክት ካዩ ፋይሉ የለም ማለት ነው፤ የሊኑክስ ፈርምዌር ጥቅሉን ያድሱ። ካርዱ ያለዚያም ይነሳል፣ ግን የቺፑ እርማቶች የሚመጡት በዚያ ፋይል ነው።

ጥያቄ፦ የአንድ ባልደረባችን ላፕቶፕ ዶኩ ላይ እንዳለ ሲተኛ የቢሮው ኔትወርክ በሙሉ ይቆማል። ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ይችላል፤ ብዙ ሰው ራውተሩን የሚቀይረውም ይህን ሳያውቅ ነው። ላፕቶፑ ተኝቶ ዶኩ ኃይል ሲያገኝ ቺፑ የሚመጣለትን መረጃ የሚቀበለው አጥቶ ይሞላል፤ ከዚያ «ቆዩ» የሚል ፖዝ ፍሬም ሳያቋርጥ ወደ ስዊቹ (የቢሮውን ኬብሎች ወደሚያገናኘው ሳጥን) ይልካል። ርካሽ ስዊች ይህን አክብሮ ሌሎቹንም ያስቆማል። ዶኩን ሲነቅሉት ሁሉም ወዲያው ከተመለሰ ምክንያቱ ይኸው ነው። በላፕቶፑ በኩል ኢቲኤች-ቱል ሰረዝ ትልቁ ኤ ብለው የካርዱን ስም፣ ቀጥሎም ኦቶኔግ ኦፍ፣ አርኤክስ ኦፍ፣ ቲኤክስ ኦፍ ይጻፉ። ትእዛዙ ዶኩ ተነቅሎ ሲሰካ ስለሚጠፋ፣ ስዊቹ ሴቲንግ ያለው ከሆነ በዚያ ፖርት ላይ ፍሎው ኮንትሮልን መዝጋት ይበልጥ አስተማማኝ ነው።