የኤሌክትሪክ መኪና ከውጭ ማስገባት፦ ፈቃድ፣ ሰነድ፣ ቀረጥና ሊብሬ (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄዎቹ ከገዢዎችና ከአዳዲስ አስመጪዎች የመጡ ናቸው። የሚደጋገሙት በአንድ ተጠቃለዋል።

ጥያቄ፦ የነዳጅ አውቶሞቢል ጭራሽ አይገባም የሚባለው ምን ያህል እውነት ነው? ሃይብሪድስ?

መልስ፦ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ያስታወቀው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ፋይልዎን የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው መኪናው በምን እንደሚሄድ ነው፤ ማርካው ከዚያ በኋላ ይመጣል። በኤችኤስ ኮድ (ዕቃ በታሪፍ የሚመደብበት ዓለም አቀፍ ቁጥር) ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሄድ አውቶሞቢል 8703.80 ነው። ቤንዚንና ኤሌክትሪክ ያለው፣ ከውጭ የማይሞላው ሃይብሪድ 8703.40፣ በሶኬት የሚሞላው 8703.60 ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ሃይብሪድ በወረቀት ላይ ሌላ ዕቃ ነው፤ ሻጩ "ኤሌክትሪክ ነው" ስላለ 8703.80 አይሆንም።

ጥያቄ፦ ጄኔሬተር ያለው፣ "ሬንጅ ኤክስቴንደር" የሚሉትስ? ጎማውን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተሩ ብቻ ነው ይላሉ።

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ሊ ኤል 7 እና ኤል 9ን የመሳሰሉት የቤንዚን ሞተርና ታንከር አላቸው። ዲፓል ኤስ 07 እና ሊፕሞተር ሲ 11 ደግሞ በሁለቱም ዓይነት፣ ሙሉ ኤሌክትሪክም ጄኔሬተር ያለውም ሆነው ይመረታሉ፤ በመልክ አይለዩም። ፎቶ ብቻ አይተው አይዘዙ። ሁለት ነገር ይመልከቱ፦ ከቻርጅ መሙያው ሌላ የነዳጅ መሙያ ክዳን አለው ወይ? በፋብሪካው የብቃት ሰርተፍኬት ላይ "የነዳጅ ዓይነት" የሚለው መስመር ምን ይላል? ቤንዚን የሚል ቃል ካለበት ከጉምሩክ የጽሑፍ መልስ ሳይያዝ ቅድመ ክፍያ መላክ ገንዘብ ማስያዝ ነው።

ጥያቄ፦ ቀረጡ ስንት ነው? አንዱ 15 ይላል፣ ሌላው ዜሮ።

መልስ፦ ሁለቱም ከአንድ ውሳኔ የተቆነጠሩ ናቸው። ገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማዕቀፍ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ በከፊል ተበትኖ የሚገባ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለመገጣጠሚያ የሚገባ ዜሮ ሆነ። ኤክሳይዝ፣ ቫትና ሱር ታክስ ያን ጊዜ ተነስተው ነበር። ይህን የቆየ ዝርዝር ይዞ ዋጋ መቁረጥ ግን አደገኛ ነው፤ ሂሳቡ የሚሠራው ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) በተመዘገበበት ቀን በሚጸናው መጠንና የምንዛሪ ተመን ነው። ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና ሰነድ) በተከፈተበት ቀን የነበረው አይቆጠርልዎትም።

የሂሳቡን ቅደም ተከተል ለማየት፦ የመኪናው ዋጋ፣ ማጓጓዣና መድን ተደምሮ 2,000,000 ብር ቢሆን፣ 15 በመቶው 300,000 ብር ነው። ቫት የሚከፈልበት ከሆነ የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ በ2,300,000 ላይ ስለሆነ 345,000 ይመጣል። ለንግድ ለሚገባ ዕቃ ደግሞ 3 በመቶ ቅድመ ግብር አለ፤ እሱ በዓመቱ መጨረሻ ከትርፍ ግብር ይቀናነሳል።

ጥያቄ፦ ኢንቮይሱ ላይ ዋጋ ዝቅ ቢደረግስ?

መልስ፦ ጉምሩክ የተገለጸውን ዋጋ ካልተቀበለ በተመሳሳይ መኪና ዋጋ ይተምነዋል። ልዩነቱን ይከፍላሉ፣ ቅጣቱ ይከተላል፣ መኪናው ደረቅ ወደብ ላይ ኪራይ ይቆጥራል።

ጥያቄ፦ ጎማውንና ባትሪውን ፈትቶ በ5 በመቶ ማስገባት አይቻልም?

መልስ፦ አይቻልም። በዓለም አቀፉ የታሪፍ አተረጓጎም ደንብ የተሟላውን ዕቃ ዋና ባሕርይ የያዘ የተፈታታ ዕቃ እንደ ሙሉ ዕቃ ይመደባል። ዝቅተኛው ቀረጥ የተሰጠው የመገጣጠም ፈቃድና ፋብሪካ ላለው ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮፎርማው ላይ ምን ምን መኖር አለበት? ባንክ ሁለት ጊዜ መለሰብን።

መልስ፦ የአምራቹ ሙሉ የሞዴል ስም፣ የስሪት ዓመት፣ ቀለም፣ የባትሪው አቅም በኪሎዋት ሰዓት፣ የሞተሩ ጉልበት በኪሎዋት፣ "ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ" የሚል ግልጽ ቃል፣ ኤችኤስ ኮድ፣ የተሠራበት አገር፣ የመጫኛና የማራገፊያ ወደብ (አብዛኛውን ጊዜ ጅቡቲ)፣ የክፍያ መንገድ፣ ፕሮፎርማው የሚያበቃበት ቀን። በብዛት የሚሠራው በኤፍኦቢ (ማጓጓዣና መድን ያልተጨመረበት ዋጋ) ወይም በሲኤፍአር (ማጓጓዣ የተጨመረበት) ነው፤ መድኑ የሚገባው ከአገር ውስጥ ኩባንያ ነውና ሻጩ መድን ጨምሮ ሲአይኤፍ ዋጋ ከላከ ያስተካክል።

የሞዴል ስም ላይ ቸልተኛ አይሁኑ። ፎልክስዋገን አይዲ 4 በቻይና በሁለት ፋብሪካ ይመረታል፤ የአንዱ "ክሮዝ"፣ የሌላው "ኤክስ" ነው። ፕሮፎርማው "አይዲ 4" ብቻ ብሎ፣ የጭነት ሰነዱ (ቢል) "ክሮዝ" ካለ፣ ባንኩ ልዩነት አለ ብሎ ሰነዱን ይይዘዋል። ኤልሲ ላይ ያለው ቃል በኢንቮይሱ ላይ እንዳለ መውረድ አለበት። ኤልሲው ሌላ ካላለ ሻጩ ሰነዱን ዕቃው በተጫነ በ21 ቀን ውስጥ ለባንክ ማቅረብ አለበት፤ ባንኩ ለመመርመር እስከ 5 የሥራ ቀን አለው። የመጨረሻውን የመጫኛ ቀን አጥብበው ካስጻፉ መርከብ ሲዘገይ ማሻሻያ ይጠየቃሉ፣ ለእያንዳንዱ ማሻሻያ ይከፍላሉ።

ሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ ነው። በውስጡ "አይ"፣ "ኦ" እና "ኪው" የሚባሉት የላቲን ፊደላት ፈጽሞ አይገቡም። "ኦ" የሚመስል ካዩ ዜሮ ነው። ይህችን አንዲት ፊደል ሻጩ አሳስቶ ቢል ላይ ካስጻፈ፣ እርማቱ ከመርከብ ድርጅቱ እስኪመጣ መኪናው ይቆማል። ስለዚህ ረቂቅ ቢሉ ሲላክልዎ ከመስታወቱ ሥር ካለው የሻንሲ ፎቶ ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። የቻይና ምርት ሻንሲ በ"ኤል" ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ቻይና መኪና መላክ ከልክላለች የሚል ወሬ አለ።

መልስ፦ ክልከላ አይደለም፣ ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ የሆነ የመንገደኞች አውቶሞቢል ከቻይና ለመውጣት የኤክስፖርት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የሚያመለክቱትም አምራቾቹና እነሱ የወከሏቸው ናቸው። አዲስ መኪና በቻይና ሰሌዳ አስወጥቶ "ያገለገለ" ብሎ የመላኩ መንገድም ጠቧል፦ ከተመዘገበ 180 ቀን ያልሞላው መኪና የአምራቹን የድኅረ ሽያጭ አገልግሎት ማረጋገጫ ይጠየቃል። ከነጋዴ ሲገዙ ቅድመ ክፍያ ከመላክዎ በፊት በማን ፈቃድ እንደሚወጣ በጽሑፍ ይጠይቁ። "ችግር የለም" የሚል መልስ መልስ አይደለም።

ጥያቄ፦ የአውሮፓ ቻርጀር አለኝ። የቻይና መኪናው ላይ ይገባል? ቅርጹ አንድ ነው።

መልስ፦ ቅርጹ ያታልላል። ሁለቱም ባለ 7 ቀዳዳ ናቸው፤ ግን በአውሮፓው ታይፕ 2 ወንዴው ፒን መኪናው ላይ ነው፣ በቻይናው ጂቢ/ቲ ኬብሉ ላይ። ለቤት መሙያው አዳፕተር ቀላል ነው። ለፈጣኑ ግን ሁለቱ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል ስለሚለያይ የሚተረጉም መሣሪያ ያለው አዳፕተር ይፈልጋል፣ ርካሹን አይመኑ። ቮልቴጁ አያሳስብም፣ ቻይናም እኛም 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነን። በ32 አምፒር 7 ኪሎዋት ገደማ ይገኛል፤ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ባዶ ከሆነ 9 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። በተራ ሶኬት በ10 አምፒር ግን ከአንድ ቀን በላይ ነው። ቻርጀሩ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ካለ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የቤቱ ኧርዝ ነው።

ጥያቄ፦ መኪናው ሞጆ ደረሰ፤ በሩም አይከፈትም። ባትሪው ሞተ ማለት ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የሞተው ትንሹ 12 ቮልት ባትሪ ነው። በባሕርና በግቢ ቆይታ ይፈሳል፤ እሱ ከሌለ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም አይገናኝም። በሪሞቱ ውስጥ ባለው የብረት ቁልፍ ከፍተው 12 ቮልቱን ያስነሱ። በገመድ እየጎተቱ አያስኬዱት፤ ጎማው ሲዞር ሞተሩ ኃይል ያመነጫል፣ ያቃጥላል። በጫኝ መኪና ላይ ተጭኖ ይነሳ።

ጥያቄ፦ መለዋወጫ ባትሪ ለብቻው?

መልስ፦ ኮዱ 8507.60 ነው፣ የመኪናውን የቀረጥ ማበረታቻ ያገኛል ብለው አይገምቱ። በጭነት ረገድ ምድብ 9 አደገኛ ዕቃ ነው፣ ቁጥሩ ዩኤን 3480። የዩኤን 38.3 (የባትሪ የማጓጓዣ ደኅንነት) ፍተሻ ማጠቃለያ ከሌለ መርከቡ አይቀበለውም፤ በአውሮፕላን ከሆነ ከ30 በመቶ በላይ ተሞልቶ አይጫንም።

ጥያቄ፦ ሊብሬ ለማውጣት ስንሄድ "የሞተር ቁጥር" ተጠየቅን። ሰነዱ ላይ የለም።

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ሞተርም ቁጥር አለው፤ ሻጩ አስፈላጊ አይመስለውምና አይጽፈውም። በፋብሪካው ሰርተፍኬት ላይ አለ። በአራቱም ጎማ የሚሄድ ከሆነ ከፊትና ከኋላ ሁለት ሞተር ስላለው ሁለቱንም ፓኪንግ ሊስት ላይ ያስጽፉ። ሲሲ በሚለው ቦታ የሚገባው ኪሎዋት ነው። መዝጋቢው ሻንሲውን ከዲክላራሲዮኑ ጋር ቆሞ ያመሳክራል፣ የሦስተኛ ወገን መድንም ይፈልጋል፤ ሰሌዳው ኮድ 2 ወይም ኮድ 3 የሚሆነው መኪናው ለግል ወይስ ለንግድ ነው በሚለው ነው።