እነርሱ ሲያጨሱ ስልኩን እኔ ብቻ ለምን አነሣለሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አስመጪ ድርጅት፣ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል እሠራለሁ። ክፍላችን ውስጥ አራት ነን። ሁለቱ ያጨሳሉ። ሦስተኛው አያጨስም፤ ግን ለወሬው ብሎ አብሯቸው ይወርዳል። ቢሯችን ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ደግሞ ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት ይበልጣል። ስለዚህ "አንዴ አጭሰን መጣን" ካሉ ሩብ ሰዓት ሄደ ማለት ነው። በዚያ መሐል ሦስት ስልክ ባንዴ ይጮኻል፤ የማነሣው እኔ ነኝ። አለቃችን ብቅ ብለው "የት ሄዱ?" ሲሉኝ "ባንክ ናቸው"፣ "መጋዘን ወርደዋል" እላለሁ። ሰሞኑን ብግን ብሎኝ ስልኬ ላይ መመዝገብ ጀመርኩ። አንደኛው በቀን አምስት ጊዜ ይወጣል፤ በአማካይ 70 ደቂቃ። አንዲት እኅት ሳዋያት "ቅናት ነው፤ የወይኑን ቦታ ሠራተኞች አስቢ" አለችኝ። እውነት ቅናት ነው? እኔስ በዚያው ልክ ደረጃው ላይ ወጥቼ ዳዊት ብደግም ይከፋል? ለአለቃዬ ብናገር ወንድሞቼን መክሰስ ይሆንብኛል?
ወለተ ማርያም ነኝ።

መልስ፦ ልጄ ወለተ ማርያም፣ ሰላመ እግዚአብሔር አይለይሽ። ጥያቄሽን ሳነብ ፈገግ ያልኩት በዚያ ሳያጨስ በሚወርደው ልጅ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት አላውቅም።

እኅትሽ ከጠቀሰችው ልጀምር። የወይኑ ቦታ ሠራተኞች ታሪክ ማቴዎስ ምዕራፍ 20 ላይ ነው። ባለቤቱ ማልዶ ወጥቶ ሠራተኛ ቀጠረ። ከዚያም በ3 ሰዓት፣ በ6፣ በ9፣ በመጨረሻም በ11 ሰዓት ጨመረ። ሰዓቱ እንደኛው አቆጣጠር ስለሆነ አንቺ በደንብ ይገባሻል። 11 ሰዓት ማለት አንቺ ቦርሳሽን ማየት የምትጀምሪበት ሰዓት ነው። ማታ ለሁሉም አንድ አንድ ዲናር ተሰጣቸው። ማልደው የገቡት አጉረመረሙ። "ዓይንህ ምቀኛ ናትን?" ተባሉ።

ይህ ቃል ዛሬ ዛሬ "ዝም በይ" ለማለት ይጠቀስ ጀመር። መጽሐፉ ግን እንዲያ አይልም። እዚያ ቸርነቱን ያደረገው ባለቤቱ ነው፤ የሰጠውም ከገዛ ገንዘቡ ነው። ማልደው ከገቡት ደግሞ አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም፤ የተስማሙበትን ዲናር ተቀብለዋል። በአንቺ ቢሮ ግን ቸሩ ማን ነው? አለቃሽ አያውቁም። አንቺ አልተጠየቅሽም። ልጆቹ ለራሳቸው ለገሱ፤ ከድርጅቱ ሰዓትና ከአንቺ ጉልበት ላይ ቆርሰው። ሁለቱ ታሪኮች አይመሳሰሉም። ስለዚህ "ይህ ነገር ልክ አይደለም" ማለትሽ ብቻውን ቅናት አይባልም።

እስቲ ያንን 70 ደቂቃ እናስላው። ወሩ 22 የሥራ ቀን ቢኖረው 1540 ደቂቃ ይሆናል። ወደ 26 ሰዓት ገደማ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 አይበልጥም ይላል። እንግዲህ ልጁ በየወሩ ከ3 የሥራ ቀን በላይ ፎቁ ሥር ቆሞ ደመወዝ ይበላል ማለት ነው። መጽሐፈ ምሳሌ "አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው" ሲል ስለ ጤፍና ስለ ማር ነጋዴ ብቻ የተናገረ አይመስለኝም። ሰዓትም ይሸጣል፤ ሰዓትም ይጎድላል።

"ሕጉ ራሱ ውጡ ብሎናል እኮ" ይሉሽ ይሆናል። እውነት አላቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በቤት ውስጥ የሥራ ቦታ ማጨስን ከልክሏል። ከበርና ከመስኮትም 10 ሜትር መራቅ አለባቸው። መልካም ሕግ ነው፤ የአንቺንም ሳንባ ጠብቋል። ነገር ግን "ውጭ አጭሱ" ማለትና "በሥራ ሰዓት አጭሱ" ማለት ለየቅል ናቸው። ሕጉ የከለከለው ቦታውን ነው፤ የማጨሻ እረፍት አልሰጣቸውም።

ይህን ያህል ለአንቺ ከወገንኩ፣ አሁን ደግሞ ለእነርሱ ትንሽ ልናገር።

አባቶቻችን ትንባሆን አጥብቀው ይጠሉ ነበር። ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ነው ሲባል እየሰማን አድገናል። ይህ የሕዝብ አፈ ታሪክ ነው፤ መጽሐፍ ላይ አታገኚውም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሚያጨሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ እንደነበርም ይነገራል። በእኔ እምነት ቢላዋው ማንንም ከሱስ አላዳነም። ሰውነታችን የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ ነው፤ ማጨስ እርሱን ማፍረስ ነው። በዚህ አልደራደርም። ነገር ግን ልጁ በየሰዓት ተኩሉ የሚነሣው ሥራ ጠልቶ ብቻ አይደለም። ኒኮቲን ደም ውስጥ ገብቶ በ2 ሰዓት ገደማ ግማሹ ያልቃል። ያኔ እጁ ይቅበጠበጣል፣ ሐሳቡ ይበተናል። አንቺ እረፍት ሲወጣ ታዪዋለሽ፤ እርሱ ግን ተጠርቶ ነው የሚወጣው።

ከዓመታት በፊት በማገለግልበት ደብር ጠዋት ጠዋት ከቅጽሩ በር ውጭ ተሳልሞ የሚሄድ አንድ ሰው ነበር። አንድ እሑድ "ለምን አትገባም?" አልኩት። "አጭሻለሁ መምህር" አለኝ። አፉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ቢጫ ሆኗል። ለምኜ አስገባሁት። ከመግባቱ በፊት ግን ዘወር ብሎ ፓኮውን ከአጥሩ ድንጋይ ሥር ሸጎጠው። ከቅዳሴ በኋላ በዓይኔ ተከተልኩት። ግራ ቀኙን አይቶ፣ ጎንበስ ብሎ አነሣው። እሑድ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ያደርግ ነበር። ለመተው ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ የንስሐ አባቱም ሐኪምም ረድተውታል። ያ ድንጋይ እስከ ዛሬ ሳየው ሰውየው ትዝ ይለኛል። ጳውሎስ "የማልወደውን ክፉን ነገር አደርጋለሁ" ያለውን ያን ቀን ገባኝ ብል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። "ባንክ ናቸው" የምትዪውን ነገር ዛሬውኑ አቁሚ። በደብዳቤሽ ውስጥ ያለ ማወላወል ኃጢአት የምለው ይህን ነው፤ አንቺ ግን ስለ እርሱ አልጠየቅሽኝም። እነርሱ በወሰዱት ደቂቃ አንቺ ነፍስሽን ትከፍያለሽ? አለቃሽ ሲጠይቁሽ "ወደ ታች ወርደዋል" በይ። እውነት ነው፤ ማሳጣትም የለበትም። ልጆቹንም አስቀድመሽ "ከእንግዲህ ስለ እናንተ አልዋሽም" በያቸው። ኩርፊያ ይኖራል፤ ያልፋል።

ሁለተኛው ያ ምዝገባ ነው። ልጄ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። 70 ደቂቃን በአማካይ ለማወቅ ሲወጡ ሰዓት ማየት፣ ሲገቡ ሰዓት ማየት፣ መጻፍ፣ መደመር፣ ማካፈል አለ። እስቲ ንገሪኝ፣ ይህ ሁሉ ስንት ደቂቃ ወሰደብሽ? በማንስ ሰዓት ነው የጻፍሽው? ደግሞስ ማኪያቶ አትጠጪም? ጠረጴዛሽ ላይ ሆነሽ ቴሌግራም አትከፍቺም? እኔ ራሴ ቡና ካልጠጣሁ ከጉባኤ መልስ ሰው አላናግርም፤ ስለዚህ ድንጋይ ለመወርወር አልቸኩልም። የእነርሱ ደቂቃ ጭስ ስላለው ከሩቅ ይታያል። የእኛው ጭስ የለውም።

ማርታም እንዳንቺ ተማርራ ነበር። "እኅቴ እንድሠራ ብቻዬን ስትተወኝ አይገድህምን?" አለች። በእርግጥ ያንቺዎቹ ማርያም አይደሉም። በጌታ እግር ሥር አልተቀመጡም፤ ከፎቁ ሥር ነው የቆሙት። ግን ጌታ ማርታን "አትሥሪ" አላላትም። መታወኳን ነው ያነሣባት። አንቺም ስልክ ማንሣትሽ አይደለም የጎዳሽ። ስልኩን እያነሣሽ ዓይንሽ በሩ ላይ መሆኑ ነው።

ቅናት ይሁን አይሁን ለመለየት ራስሽን አንድ ነገር ጠይቂ። ነገ አለቃሽ "ለሁላችሁም ጠዋት 15፣ ከሰዓት 15 ደቂቃ እረፍት ፈቅጃለሁ" ቢሉ ልብሽ ያርፋል? ካረፈ ፍትሕ ነው የፈለግሽው። "እሺ፣ ግን እስከ ዛሬ የወጡት ሳይቀጡ?" የሚል ነገር ከውስጥሽ ከመጣ፣ እርሱን ይዘሽ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ። እኔ ከዚህ ሆኜ ልብሽን ማየት አልችልም።

ዳዊት ስለ መድገም ለጠየቅሽው "አይከፋም" ብዬ ብገላገል ደስ ባለኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ቀኑን በጸሎት ከፋፍላዋለች፤ ነግህ አለ፣ ሠለስት አለ፣ ቀትር አለ፣ ተሰዓት አለ። በ3 ሰዓት፣ በ6፣ በ9 ሰዓት የሚጸለየው ከሥራ ሰዓትሽ ጋር ይገናኛል። ጥንትም ገበሬው ሞፈሩን ይዞ ቆም ብሎ ያማትብ ነበር። ግን አንቺ ያልሽው "በዚያው ልክ" ነው። እነርሱ 70 ከወሰዱ እኔም 70። እንዲህ ከሆነ ዳዊቱ ያንቺ ሲጋራ ሆነ ማለት ነው። እግዚአብሔርን የምታመሰግኚበትን መጽሐፍ ለማካካሻ አታውርጂው። ደግሞ አራታችሁም ከወጣችሁ ስልኩን ማን ሊያነሣው ነው? ደንበኛው ምን በደለ? ምሳ ሰዓት ላይ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርሺ። በ3 ሰዓት ወንበርሽ ላይ እንዳለሽ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ። ይህን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም።

እረፍት ግን ያስፈልግሻል፤ እረፍት መሻት ስንፍና አይደለም። ጌታ ደቀ መዛሙርቱ ለመብላት እንኳ ጊዜ ሲያጡ ጥቂት እንዲያርፉ ገለል አድርጓቸዋል። ስለዚህ ጠይቂ። አጠያየቁ ላይ ማቴዎስ 18 መንገዱን ያሳይሻል፤ መጀመሪያ ብቻችሁን ሆናችሁ። ሲወጡ ጠብቀሽ በሩ ላይ አትያዣቸው፤ አንቺም በግነሻል፣ እነርሱም አምሯቸዋል። ቡና ላይ ይሁን። "ለምን ታጨሳላችሁ" አትበዪ። "ሦስታችሁ ስትወርዱ ስልኩ እኔ ላይ ይወድቃል። ተራ እናውጣ፤ ሁለት ሁለት ሆነን እንውጣ፤ እኔም ተራ ይኑረኝ" በይ። ያን ሳያጨስ የሚወርደውን ልጅ ለብቻው አናግሪው። እርሱ ሱስ የለበትም፤ ቶሎ የሚያፍርም የሚረዳሽም እርሱ ነው።

እንቢ ካሉ ለአለቃሽ መንገር ክስ አይደለም። ስም ጠርተሽ፣ የደቂቃ ዝርዝር ዘርግተሽ ከቀረብሽ ግን ክስ ነው። "ስልኩ በሰው ማነስ እየተቋረጠ ነው፤ ለሁላችንም እኩል የእረፍት ሰዓት ይወሰንልን" ካልሽ የሥራ ጉዳይ አቀረብሽ። አለቆችም መስማት ይችላሉ። በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቶኪዮ ውስጥ ፒያላ የሚባል ድርጅት እንዳንቺ ያለ ቅሬታ ደረሰው። ቢሮው 29ኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ማጨሻው ምድር ቤት። አንድ ሲጋራ ሩብ ሰዓት ያህል ይበላ ነበር። አለቃው አጫሾቹን አልቀጣም፤ ለማያጨሱት በዓመት 6 ቀን ተጨማሪ ፈቃድ ሰጠ። ይህ የወይኑን ቦታ ባለቤት ይመስለኛል፤ ከራሱ ሰጥቷልና። ያንቺ አለቃ እንዲህ ያድርጉ እያልኩ አይደለም። አለማጨስሽም ደመወዝ የሚጠየቅበት ውለታ አይደለም፤ ጥቅሙን አንቺው ራስሽ በየቀኑ ትተነፍሺዋለሽ።

ስልክሽ ላይ ያለውን ምዝገባ ደምስሺው። ከአለቃሽ ጋር ከመነጋገርሽ በፊት ቢሆን ይሻላል፤ ካለበለዚያ እጅሽ ወደ ኪስሽ መግባቱ አይቀርም። በሚቀጥለው ጊዜ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።