መልስ፦ ቀይ ወጤ ለምን ይቀጥናል፣ በርበሬውስ ለምን ጥሬ ጥሬ ይላል?

እህቴ ሥጋውን አትውቀሺ፣ ችግሩ ቁሌቱ ነው። ሽንኩርቱን ለ10 ደቂቃ ነው ያቁላላሁት ብለሻል፣ አይበቃማ! እኔ ለ1 ኪሎ ሥጋ 1 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ድቅቅ አርጌ ከትፌ ያለ ዘይት በደረቁ እጀምረዋለሁ፣ መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ እያረግኩ ግማሽ ሰዓት ገደማ እስኪሟሟ ድረስ፣ ከዛ ነው ዘይቱ የሚገባው። ብሌንደር ደሞ ተይው በናትሽ፣ አንዴ እንግዳ ጠርቼ ሞክሬው ውሃ ውሃ ብሎ አዋርዶኛል።

በርበሬውን (4 ወይ 5 የሾርባ ማንኪያ) ስትጨምሪ እሳቱን ቀንሺ፣ ካረረ ይመራል ከዛ በኋላ ምንም አያድነውም። ሙቅ ውሃ ትንሽ ትንሽ እያረግሽ 20 ደቂቃ ያህል አማስዪው፣ ዘይቱ ወደ ላይ ወጣ ሲል በስሏል ማለት ነው፣ ያ ጥሬ ጥሬ የሚለው ነገር የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉንም አብረሽ።

ሥጋው ታጥቦ ጠፈፍ ይበል፣ ቁሌቱ ላይ ገብቶ መጀመሪያ የራሱን ውሃ ይጨርስ፣ ከዛ የፈላ ውሃ በልኩ ጨምረሽ ክደኚው። ለወጥ ትንሽ ጅማት ያለው ሥጋ ይሻላል፣ ቀዩ ብቻ ከሆነ ይደርቃል። ቅቤ እኔ መጨረሻ አካባቢ ነው የማረገው ሽታው እንዳይጠፋ፣ መከለሻና ጨው ልታወጪው ስትይ። አሁን የቀጠነብሽን ደግሞ ክዳኑን ከፍተሽ በቀስታ አንተክትኪው፣ ይወፍራል።