ፉድ ባንክ ልናግዝ አስበናል፤ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ጋር ሃያ ሆነን ለታንክስጊቪንግ ፉድ ባንክ ማገዝ እንፈልጋለን። ምን ሥራ ይጠብቀናል? ቤት የተዘጋጀ ሽሮና በርበሬ ብንወስድስ ይቀበሉናል?

መልስ፦ ሐሳባችሁ ደግ ነው፤ ቀኑን ግን ቀይሩት። በኖቬምበርና በዲሴምበር የበጎ ፈቃደኞች ቦታ ቀድሞ ይሞላል። ጃንዋሪ ሲገባ ያ ሁሉ ሰው የለም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ልጆች የትምህርት ቤቱ ምሳ ስለሚቋረጥባቸው ምግብ ጠያቂው ይበዛል፤ ያኔ ብትመጡ ትፈለጋላችሁ።

ፉድ ባንክ የሚባለው ትልቁ መጋዘን ነው። ለቤተሰብ በእጅ የሚያድለው ፓንትሪ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ቤተ እምነት ምድር ቤት ይገኛል። ሃያ ሰው የሚችለው መጋዘኑ ነው፤ ፓንትሪ ውስጥ ያን ያህል ሰው ቢገባ መተላለፊያ ይጠፋል። አስቀድማችሁ በድረ ገጻቸው ተመዝገቡ፤ የልጆች ዕድሜ ገደብ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ እሱንም ጠይቁ። ጫማችሁ ጣት የሚሸፍን ይሁን።

ዋናው ሥራ የተለገሰውን ምግብ መለየት ነው። የታሸገ ምግብ ቆርቆሮ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የላይና የታች ጠርዙን፣ ቀጥሎ የጎን ስፌቱን በጣት ዳብሱ። ስፌቱ ላይ የተጨረመተ፣ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ ያለው፣ ያበጠ፣ የሚያንጠባጥብ ወይም ዝገቱ ሲጠርጉት የማይለቅ ከሆነ ይጣላል። ምክንያቱ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ የምግብ መመረዝ ነው፤ መርዙ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ስለሚችል ከፍቶ ማሽተት አያዋጣም። ጎኑ ላይ ለስለስ ያለ ትንሽ ጭርምት ግን ችግር የለውም፤ ጀማሪ ሁሉ እሱን እየጣለ ደህና ምግብ ያባክናል። “ቤስት ባይ” የሚለው ቀንም የጥራት እንጂ የመበላሸት ቀን አይደለም። የሕፃናት ፎርሙላ ግን ቀኑ ካለፈ ያለ ምንም ክርክር ይወገዳል።

ሩዝ ወደ ትናንሽ ከረጢት ስትገለብጡ ባዶውን ከረጢት ሚዛን ላይ አድርጋችሁ ዜሮ አድርጉ። ከ50 ፓውንድ ጆንያ ባለ 2 ፓውንድ 25 ከረጢት መውጣት አለበት፤ 23 ብቻ ከወጣ ወይ ፈስሷል ወይ እያበዛችሁ ነው። የከረጢቱ አፍ ላይ የሩዝ ብናኝ ከቀረ አይታሸግም፤ ጥረጉት። ካርቶን ስትሞሉ ቆርቆሮ ከታች፣ ዳቦ ከላይ ይሁን፤ አንድ ሰው ሊያነሣው የማይችለውን ያህል አትጫኑት።

ቤት የተዘጋጀ ሽሮና በርበሬ አይቀበሉም። ፈቃድ ባለው ማብሰያ ቤት አልተሠራም፣ ውስጡ ያለው ነገርም አልተጻፈበትም፤ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው በምን ይወቅ? የፋብሪካ እሽግና ጽሑፍ ካለው ግን ይሆናል። ምስር፣ ሽምብራ፣ የቲማቲም ድልህና ዘይትም ሁልጊዜ ይፈለጋሉ። ገንዘብ ብታዋጡ ደግሞ ይበልጣል፤ እነሱ በጅምላ ስለሚገዙ እናንተ ሱቅ ገብታችሁ ከምትገዙት የበዛ ያመጡበታል።

ጥያቄ፦ እናቴ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ይኖራሉ። ጡረታ ወጥተዋል፤ እንግሊዝኛቸው ደከም ያለ ነው። ያግዙ ዘንድ ቦታ ይገኝላቸው ይሆን?

መልስ፦ ይገኛል፤ እንዲያውም እንደ እሳቸው ያለ ሰው ነው የሚፈለገው። አማርኛ ተናጋሪ የሚመጣበት ፓንትሪ ፈልጉና በሥራ ቀን ጠዋት፣ በየሳምንቱ ያው ሰዓት ይሁንላቸው። ፎርም የሚያስቸግራቸውን ሰዎች በቃል ያስረዳሉ። መደርደሪያው ዘንድ ደግሞ ሌላው ልብ የማይለውን ይለያሉ፦ “ፖርክ ኤንድ ቢንስ” የተባለው የአሳማ ሥጋ አለው፤ አንዳንዱ “ሪፍራይድ ቢንስ” የሚባል የተፈጨ ቦሎቄም በላርድ፣ ማለትም በአሳማ ስብ የተሠራ ነው። ይህ ለጿሚም ለሙስሊምም አይሆንም። ዳቦም ላይ “ዌይ” የሚል ካዩ የወተት ተዋጽኦ ነው፤ በጾም ወቅት ለሚጠይቃቸው ይንገሩ።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እዚያ የዕድራቸውን አባል ወይም ጎረቤታቸውን ያገኙ ይሆናል። ሰውየው ቀድሞ ሰላም ካላለ እንደማያውቁት ሆነው ይለፉት፤ ማን እንደመጣም ቤት እንኳ አይነሣ። ወሬው ከወጣ ያ ቤተሰብ ዳግመኛ አይመጣም። ምርጫውንም ለሰውየው ይተዉለት፤ “ይሄ ይሻልሃል” እያሉ ቢጨምሩለት የማይበላው ምግብ ቤቱ ገብቶ ይጣላል።