ድንኳኑ ይቆይ፣ መጀመሪያ ሞዞው ይከፈት

ልጆቼ፣

ከዴንቨር አንድ ወጣት ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ኤም-416 ተሳቢ በጨረታ ገዝቻለሁ፤ ከላዩ የሚዘረጋ ድንኳን የትኛው ይሻለኛል?» ጥያቄው ውስጥ ስለ ኩሽኔታ፣ ጎማው በአክስሉ ላይ በቀላሉ እንዲዞር ስለሚያደርገው ባለ ሮለር ቀለበት፣ አንድም ቃል የለም። ይህን ሳነብ ዩታ ውስጥ ሞአብ አጠገብ፣ ፒስታ መንገድ ዳር ጎማው ከነሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት፣ ኩሽኔታውን ከያዘው መሃለኛ ብረት) ጋር ወልቆ የቀረ ተሳቢ ትዝ አለኝ። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ኤም-416 ከኤም-151 ጂፕ ጀርባ እንዲጎተት የተሠራ የሩብ ቶን ተሳቢ ነው። ሞአብ አጠገብ የቀረው ደግሞ ሳጥኑ አንድ የዝገት ቀዳዳ ያልነበረው፣ ወለሉ ላይ ያሉት የውሃ ማፍሰሻ ታፖች እንኳ ያልጎደሉበት ብርቅ ዕቃ ነበር። ባለቤቶቹ ቀለም ቀብተውታል፤ ፍሪጅ፣ ባትሪና የሶላር ፓኔል ገጥመውበታል። ሞዞውን ግን «ሰርቪስ ተደርጓል» ብሎ የሸጠላቸውን ሰው አምነው ተዉት። ሰውየው ያደረገው የሞዞውን ክዳን አንስቶ በአሮጌው ግራሶ ላይ አዲስ ግራሶ መጠቅጠቅ ነው። የድሮው ሸክላ ላይ የተመሠረተ፣ አዲሱ ሊቲየም ኮምፕሌክስ ነበር። ሁለቱ ሲደባለቁ አይስማሙም፤ ይቀጥኑና ሲሞቁ እንደ ዘይት ይፈሳሉ። የቀጠነው ግራሶ፣ እንዳይፈስ የሚዘጋውን የደረቀ የጎማ ቀለበት (ሲል) አልፎ የቸርኬውን ውስጠኛ ጎን አጥቁሮት ነበር። መንገዱ ላይ ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ጥቁር ምልክት ብቻ በቂ ማስጠንቀቂያ ነበር።

ሞዞው ሲታይ የኩሽኔታው ሮለሮች ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆነዋል፤ ሮለሮቹን አራርቆ የሚይዘው ቀጭን ላሜራ ተበጣጥሷል፤ የውስጠኛው ቀለበት ከአክስሉ ጫፍ ጋር ተጣብቆ በመዶሻም አልወጣ ብሏል። የአክስሉ ጫፍ ተቦርቡሯል። የተበላ አክስል ላይ አዲስ ኩሽኔታ አይገጠምም። ያ ሁሉ ጤነኛ ላሜራ በኪሎ ተሸጠ።

ስለዚህ ተሳቢውን ስታመጡ፣ አክስሉን ጠንካራ ማቆሚያ ላይ አስቀምጡና ሁለቱንም ሞዞ አውጡ። አሮጌውን ግራሶ በነጭ ጋዝ አጥባችሁ ጨርሱት፤ ጥቂት እንኳ አታስቀሩ። ሮለሩንና ሞዞው ውስጥ የተቀመጠውን ቀለበት ብርሃን ላይ አዙራችሁ እዩ። ጉድጓድ፣ ሰማያዊ ቀለም ወይም ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ሁለቱንም አብራችሁ ቀይሩ፤ አንዱን ብቻ መቀየር አዲሱን ማበላሸት ነው። ሲሉን ያለ ጥያቄ ቀይሩ። ቁጥር 2 ግራሶ መዳፋችሁ ላይ አድርጉና ኩሽኔታውን ከሰፊው ጎኑ እየጫናችሁ ሙሉት፤ ግራሶው በወዲያኛው በኩል በየሮለሩ መሃል ብቅ እስኪል አታቁሙ። ከዚያ ሞዞውን በእጅ እያዞራችሁ ዳዶውን በቁልፍ አጥብቁ፤ መልሳችሁ አላሉትና በጣት ብቻ አጥብቃችሁ ቆልፉት። ወጣቶቹ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «አይላላብኝ» ብለው በጉልበት ያጠብቁታል፣ ኩሽኔታውም ይቃጠላል። 20 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ቁሙና ሞዞውን በእጃችሁ ንኩት፤ ለብ ማለቱ ጤና ነው፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ፍቱት። የሚሞቀው አንዱ ጎን ብቻ ከሆነ የእጅ ፍሬኑ ዝጎ የፍሬን ሸራው ከበሮውን እየፈገፈገ መሆኑንም ተመልከቱ።

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። ይህ ተሳቢ ከመንገድ ውጭ እንዲሸከም የተሠራው 500 ፓውንድ፣ ማለትም 227 ኪሎ ነው። እስቲ ደምሩት፦ 75 ሊትር ውሃ 75 ኪሎ፣ ድንኳን 60፣ ድንኳኑ የሚያርፍበት የብረት ፍሬም 35፣ ፍሪጅና ባትሪ 45። 215 ኪሎ ሞላ፤ ምግብና ልብስ ገና አልተጫነም። ስለዚህ ለልጁ መልሴ፣ ከ45 ኪሎ የማይበልጥ ድንኳን ፈልግ ነው። ውሃው ወለሉ ላይ፣ ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት ይቀመጥ፤ ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት። ከኋላ የከበደ ተሳቢ በአስፋልት ላይ ጅራቱን ይወዘውዛል። የባሌስትራዎቹን ማሰሪያ ዩ ብሎኖች ደግማችሁ አትጠቀሙ፤ አንዴ ሲጠበቁ ይሳባሉ። አዲሶቹንም ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ መልሳችሁ አጥብቁ።

እኔ የድሮ ዕቃ እንደተሠራ ይቀመጥ ባይ ነኝ። ቸርኬውን ግን ቀይሩት። የተሳቢው አምስት ብሎን በ5.5 ኢንች ክብ ላይ ነው። የቶዮታ መኪኖቹ ታኮማና ፎርራነር በዚያው ክብ ላይ ስድስት ብሎን አላቸው፤ ከ2007 ወዲህ ያሉት ጂፕ ራንግለሮች አምስት ብሎን በ5 ኢንች። ሞዞውን ለመኪናችሁ በሚስማማ ከቀየራችሁ አንድ ትርፍ ጎማ ለሁሉም ይበቃል። ወታደራዊው 7.00-16 ጎማ ሲታይ ያምራል፤ ጭቃ ላይ ግን አይረባም፣ አብዛኛውም ተሰነጣጥቋል።

ቀለበትና መንጠቆ ያለውን መጎተቻ ኳስ ቅርጽ ባለው መጎተቻ አትለውጡ። ይንኳኳል፣ እውነት ነው፤ ድንጋይ ላይ ተሳቢው ሲጋደል ግን የሚያዋጣው እሱ ነው። ሰንሰለቶቹን ከሥር አጣምሩ።

በመብራት በኩል እናንተ ከእኔ ትበልጣላችሁ። አሮጌው መሥመር 24 ቮልት ነው፤ ነቅላችሁ ጣሉትና 12 ቮልት ኤልኢዲ ዘርጉ። ነጩን የግራውንድ ሽቦ እስከ መኪናው አድርሱ እንጂ በመጎተቻው ብረት አትተማመኑ።

ቀለሙን በደረቁ አትፈግፍጉ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ሠራዊቱ የቀባው ኬሚካል የሚቋቋም ቀለም ሥር ክሮሜት ሊኖር ይችላል፣ ከዚያ የቀደመው ደግሞ እርሳስ። ውሃ እየነከራችሁ፣ ካርትሪጅ ያለው ማስክ አድርጋችሁ ሥሩ፤ ከመበየዳችሁ በፊትም ቀለሙን ከቦታው አንሱ።

ጨረታው ከመንግሥት በቀጥታ ከሆነ ኤስኤፍ-97 የሚባለውን ቅጽ ተቀበሉ፤ ሊብሬ የምታወጡት በእሱ ነው። ከግለሰብ ከሆነ በሻሲው ታርጋ ላይ ያለውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩና ከዚያ ክፈሉ።